ኢፍቱ የሞተችው በመኪና አደጋ ነው

ኢፍቱ የሞተችው በመኪና አደጋ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ሐሙስ ቀን፣ ከሰኮሩ ወደ ጅማ ስትመለስ ቡና የጫነ አይሱዙ ፍሬን እንቢ ብሎት የተሳፈረችበትን ሚኒባስ ገጨው። ሾፌሩና ሁለት መንገደኞችም አብረዋት ሞቱ። ዕድሜዋ ሃያ ሦስት ነበር። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው ሰፈሬ ስላላመነ ነው።

መርዶውን ያመጣችልኝ ሜሮን ናት። ኢፍቱ ካራቴ ካስተማረቻቸው ልጆች አንዷ ነች፤ ቤቷም ከእኛ ሦስት ቤት አልፎ ነው። በሩ ላይ ቆማ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረችና ወደ ውስጥ ሳትገባ ሄደች። ነጠላዬን እንኳ ሳላዘቅዝቅ ጎረቤቴ ዘነበች ገባች። ከዘነበች ጋር ሃያ ስድስት ዓመት አንድ አጥር ተካፍለን ኖረናል።

"ሰማሽ?" አለችኝ።

"ሰማሁ።"

"ራሷን ነው አሉ።"

"ማን አለ?"

"ሰው ነዋ። መኪና ነው የሚሉት ለሽፋን ነው። ይሄን መቼ አጣነው?"

"አብረዋት ሦስት ሰው ሞቷል ዘነበች። አራቱም ተማክረው ነው?"

"እኔ እንጃ። የሰማሁትን ነው የነገርኩሽ" ብላ ወጣች።

ለምን እንዳላመኑ አውቃለሁ። በሰፈራችን ወጣት ራሱን ሲያጠፋ ራሱን አጠፋ አይባልም። እድራችን ሞት የሚያስነግረው በጋሽ ወልዴ ጥሩምባ ነው። ጋሽ ወልዴ ዓይናቸው ስለደከመ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ወረቀት ይዘው ይዞራሉ፤ የሟቹ ስም፣ የቤተሰቡ ስም፣ በምን እንደሞተ፣ ቀብሩ በስንት ሰዓት እንደሆነ። ያንን ወረቀት ለብዙ ዓመት የጻፈው ባለቤቴ ጌታቸው ነበር። ሽማግሌ በስኳርና በደም ግፊት ይሞታል። ወጣት ግን አንዳንድ ጊዜ "በድንገተኛ ሕመም" ይሞታል። እንዲያ ካልተጻፈ ቄሱ ፍትሐት አላደርስም ይሉ ይሆናል፤ በእናቲቱ ሐዘን ላይም እፍረት ይጨመራል። ድንገተኛ ሕመም ሲበዛብን ደግሞ "በመኪና አደጋ" እንል ጀመር። እንግዲህ እውነተኛ መኪና እውነተኛ ልጅ ሲገድል እርስ በርሳችን ተጠቃቀስን። ለውሸት ያዋልነውን ቃል ለእውነት ስንፈልገው አጣነው።

ጌታቸው ክፉ ሰው አልነበረም። ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ዛሬም ምሳ ሳቀርብ ሁለት ሹካ አነሳለሁ። በዚህ ነገር ግን ተናድጄበታለሁ። ቢኖር እጨቃጨቀው ነበር። ከሞተ ሰው ጋር ጭቅጭቅ የለም፤ ይህም ራሱ ያናድደኛል።

ኢፍቱን ሰርቪስ ቤቱን ያከራያት እሱ ነው። ያኔ የኮሌጅ ተማሪ ነበረች። አንድ ፍራሽ፣ አንድ ባልዲና አንድ ትልቅ ሻንጣ ይዛ መጣች። ቁመቷ አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ሻርፗን ጥብቅ አድርጋ የምታስር፣ ስትስቅ አፏን የማትሸፍን ልጅ። በሳምንቷ ነጭ ሱሪና ነጭ ሰፊ እጀ ጠባብ አጥባ ገመዱ ላይ ሰቀለች። ጌታቸው ከበረንዳው አየው።

"ኢፍቱ፣ ዲያቆን አገባሽ እንዴ?"

"የካራቴ ልብሴ ነው ጋሼ።"

"ማንን ልትመቺ ነው?"

"ገና አልወሰንኩም። ኪራይ ካልጨመሩብኝ እርስዎን አይደለም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተዋደዱ።

ካራቴውን የምትማረው ሰቶ ሰመሮ፣ አንድ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን ከሰፈራችን ከጊንጆ በእግሯ ሄዳ በእግሯ ትመለሳለች። የባጃጅ ልጆቹ ሁሉ ያውቋታል። አንዱ "ካራቲስቷ፣ እስቲ አንዴ ምቺኝ" ሲላት፣ ሳትቆም "ወረፋ ያዝ" ትለዋለች። ሌላው "እንዲህ ሆነሽ ባል አታገኚም" ሲላት "አንተን ካላገኘሁ ይበቃኛል" ትላለች። ማንንም ስትመታ አላየሁም። የእጇ አንጓዎች ግን እንደ ድንጋይ ጠጥረው ነበር፤ ጎመን ስትቀነጥስልኝ አያቸው ነበር።

ለምን ካራቴ እንደጀመረች የነገረችኝ አንድ እሑድ ከሰዓት ነው። ያለምንም መግቢያ ጀመረችው።

"ወንድሜ ራሱን ነው ያጠፋው፤ በአሥራ ሰባት ዓመቱ። ከመሞቱ በፊት ብስክሌቱን ሰጠኝ። አራት ቀን ደስ ብሎኝ ነዳሁት። እትዬ፣ ሰው የሚወደውን ነገር ዝም ብሎ ሲሰጥዎ ለምን ብለው ይጠይቁ።"

እሷም ቀጠለች።

"ቤት ውስጥ ወባ ነው ተባለ። እኔም ወባ ነው አልኩ። ትምህርት ቤት ሲጠይቁኝ ወባ፤ ጎረቤት ሲጠይቀኝ ወባ። ከዚያ የክፍሉ መምህር አዝኖ ለተማሪዎቹ ስለ ወባ መከላከያ አስተማራቸው። አጎበር እንዴት እንደሚሰቀል። የወንድሜ የልብ ጓደኛ አንደኛ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ እያለቀሰ ስለ አጎበር ተማረ።"

"አይዞሽ ልጄ" አልኳት።

"ሜ እትዬ፣ አይዞሽ አይበሉኝ" አለች። በኦሮምኛ "ሜ" ማለቷ "እባክዎ" ማለቷ ነው። "አይዞሽ በር መዝጊያ ነው። ሰው አይዞሽ ካለኝ በኋላ ምን እመልሳለሁ? እሺ ብዬ መሄድ ነው እንጂ።"

ከወንድሟ ሞት በኋላ ድምፅዋ ጠፍቶ ነበር። ካራቴ ውስጥ ሰው ሲመታ ይጮኻል። አሰልጣኙ የመጀመሪያ ቀን ጩሂ ሲላት ድምፅዋ እንቢ አላት፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን ወጣ፤ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ዞሮ አያት። "ቤታችን ውስጥ መጮህ የነበረበት ያ ጩኸት ነበር" አለችኝ። ግን ካራቴን እንደ ጠበል አታወድስም ነበር። "ካራቴ የሚያውቅም ይሞታል" ትል ነበር። "እኔን የጠቀመኝ በሳምንት ሦስት ቀን 'ኢፍቱ የት ቀረች?' የሚል ሰው መኖሩ ነው።"

ጌታቸው በኩላሊት ሕመም ሞተ። እስከ አርባው ቤቱ ሰው ሞልቶት ነበር። ከአርባው በኋላ ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ፤ መመለሱም ደንብ ነው። እኔ ምግብ ተውኩ። ሠላሳ ዓመት ልጆችን ፊደል ያስተማርኩ ሴት፣ አንድ ገጽ ማንበብ ተሳነኝ። ሌላም ያሰብኩት ነበር፤ ዝርዝሩን አልጽፈውም። አንድ ቅዳሜ ኢፍቱን ጠርቼ የጌታቸውን ሬዲዮና የሠርጌን ጥልፍ ቀሚስ ሰጠኋት።

ሬዲዮውን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። አልተደሰተችም።

"እትዬ፣ ለመሞት አስበዋል?"

"ምን አልሽ?"

"ራስዎን ለማጥፋት አስበዋል ወይ ነው ያልኩት።"

"አንቺ ባለጌ።"

"ባለጌ ነኝ። አስበዋል?"

በሕይወቴ እንደዚያ የደፈረኝ ሰው የለም። በጥፊ ልመታት እጄን አነሳሁ፤ አላጎነበሰችም። ከዚያ እጄ ወረደ። "አዎ" አልኳት።

አይዞሽ አላለችኝም። ሬዲዮውን መልሳ ቦታው ላይ አስቀመጠችና መሬት ላይ ቁጭ አለች። "መቼ ነው የሚብስብዎት?" አለችኝ። "ሲነጋ" አልኳት። "እሺ። ሲነጋ እመጣለሁ።" መጣችም። በሳምንቱ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። እኔ ነርሷ ፊት ስንተባተብ እሷ ቃሉን እንዳለ ጠርታ ነገረችልኝ።

ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ አቁማ ታሰራኝ ጀመር። እግሬን ከፍቼ፣ ጉልበቴን ሰበር አድርጌ እቆማለሁ። እሷ ጡጫዋን ወደ ፊቴ ትሰድድና አፍንጫዬ ሥር ስትደርስ ታቆመዋለች። የእኔ ሥራ ዓይኔን አለመጨፈን ነበር። አሥር ቀን ሙሉ ጨፈንኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን አልጨፈንኩም። ዘነበች በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ታየናለች።

"ገነት፣ በዚህ ዕድሜሽ ማንን ልትደበድቢ ነው?"

"አንቺን" አልኳት።

ከቀብሩ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ባለጌ ጥያቄ አተረፈኝ። ይህን እያወቅኩ ነው ቀጥሎ የምጽፈውን ያደረግኩት።

የዘነበች ልጅ ብሩክ ባለፈው ዓመት ሞተ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ነበር። እንዴት እንደሞተ አልጽፍም፤ ለማንም አይጠቅምም። ራሱን እንዳጠፋ የምጽፈው ግን ዘነበች ይህን ጽሑፍ ሰምታ፣ ጻፊው ብላ ስለፈቀደችልኝ ነው። ሰዉ ውጤቱ ነው የገደለው ይላል። ኢፍቱ "አንድ ነገር ብቻውን ሰው አይገድልም፤ ውጤቱን ለብቻው የተሸከመበትን ሳምንትም ቁጠሩት" ትል ነበር።

ከጌታቸው በኋላ የእድሩን ወረቀት የምጽፈው እኔ ነኝ፤ የእጅ ጽሑፌ ያምራል ብለው። ጋሽ ወልዴ ጥሩምባቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው መጡ።

"ገነት፣ ያው እንደተለመደው" አሉኝ።

እንደተለመደው ጻፍኩ። "በድንገተኛ ሕመም።" ፊደሎቹን አሳምሬ፣ በትልልቁ።

ኢፍቱ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አገኘችው። አነበበችው።

"ማን ነው የጻፈው?"

"እኔ ነኝ።"

"አጎበር" አለች።

በሠልስቱ የብሩክ የክፍል ጓደኞች መጥተው ድንኳኑ ጥግ ተኮልኩለው ነበር። ንፍሮ ይዞርላቸዋል፤ አይበሉም። ትልልቆቹ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ኢፍቱ ሄዳ መሐላቸው ተቀመጠች። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም፤ ከፍም አላደረገችም።

"ብሩክ ራሱን እንዳጠፋ ታውቃላችሁ። ማወቃችሁን ደብቁ ተብላችኋል። እኔ አልደብቅም፤ የእኔም ወንድም እንዲሁ ነው። ከእናንተ ውስጥ እንደሱ የሚያስብ ካለ አልቆጣም፣ አልገረምም። ቤቴ እዚያ ነው፤ አሁንም ነገም ኑ።"

የእድሩ ዳኛ ከወንበራቸው ተነስተው ወደ እኔ መጡ። "ተከራይሽን አስታግሺ፤ ካልሆነም አስወጪ" አሉኝ። ዘነበች ሰምታ እንደሆነ ያኔ አላወቅኩም። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ነበር።

ቤት ስንገባ ቁጣዬን ሁሉ በኢፍቱ ላይ አወረድኩት።

"የሰው ገመና አወጣሽ።"

"ገመና የሚሆነው የማይታወቅ ሲሆን ነው። ይሄን ያልሰማ ጥሩምባው ብቻ ነው።"

"እናቲቱን አላሰብሽም?"

"ልጆቹን ነው ያሰብኩት። አንዷን ለብቻዋ ጠየቅኳት እትዬ። አዎ አለችኝ። ልክ እንደ እርስዎ፣ አዎ።"

ይህን ሰምቼ እንኳ አልተመለስኩም። የእድሩ ዳኛ ፊት፣ የሰፈሩ ዓይን፣ የጌታቸው ስም ታየኝ። "ክፍሉን እፈልገዋለሁ" አልኳት።

"እሺ" አለች። ፍራሿን፣ ባልዲዋንና ሻንጣዋን ባጃጅ ላይ ጭና ወደ ሰቶ ሰመሮ ሄደች። የልጅቷን ስም አልነገረችኝም። በኋላ ልጅቷ ራሷ ነገረችኝ፤ ሜሮን ነበረች። ኢፍቱ ያን ዕለት ከእናቷ ጋር ቁጭ አድርጋ አነጋግራት፣ በማግስቱ ሁለቱንም ሐኪም ቤት ወስዳ፣ ከዚያም ወደ አዳራሹ አስገብታ ራሷ ካራቴ አስተምራታለች። ሜሮን ዛሬ ኮሌጅ ገብታለች። እኔ በዚያ ሳምንት ባዶ ክፍል እያጠብኩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ኢፍቱን አንድ ጊዜ ገበያ ውስጥ አገኘኋት። ዘንቢሌን ተቀብላ እስከ ባጃጁ ተሸከመችልኝ። "ጠዋት ጠዋት እንዴት ነው?" አለችኝ። "ደህና ነው" አልኳት። ይቅርታ አልጠየቅኳትም። በሚቀጥለው ሳምንት፣ ከበዓሉ በኋላ እያልኩ አንድ ዓመት አሳደርኩት። አሁን ማንን ልጠይቅ?

ዘነበች ወሬውን ነግራኝ በሄደች ማግስት ቤቷ ገባሁ። ሽንኩርት እየላጠች ነበር። አልተቀመጥኩም።

"ኢፍቱ ራሷን አላጠፋችም" አልኳት። "ብታጠፋም አላፍርባትም፤ ቃሉን ጠርቼ አለቅስላት ነበር። ግን አላጠፋችም። ይህን ወሬ ተዪው።"

"እኔ ብቻ ነኝ ያወራሁት?"

"ለእኔ ያወራሽው አንቺ ነሽ። ከሰው ሁሉ አንቺ።"

"ከሰው ሁሉ እኔ ምን?" ቢላዋውን አስቀመጠች። "ጨርሺው።"

"የብሩክ እናት ነሽ። ብሩክ ታሞ አልሞተም። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ዋሽቼ ነው የጻፍኩት። ይቅር በይኝ።"

ታባርረኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

"ከሞተ ወዲህ ስሙን ፊቴ ላይ የጠራ የለም" አለች። "ይመጣሉ፤ ስለ ዝናብ ያወራሉ፤ ስለ ቡና ዋጋ ያወራሉ። ያቺ ልጅ ድንኳን ውስጥ ስትናገር ሰምቻታለሁ። ጠላኋት። ግን ስሙን የጠራችው እሷ ብቻ ናት። ሐሙስ ለት ሞተች ሲሉኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እሷም እንደሱ ብትሆን ብዬ ተመኘሁ። ብቻዬን ከምሆን።"

አይዞሽ ልላት ነበር፤ አፌን ያዝኩ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። "ስለ ብሩክ ንገሪኝ" አልኳት። እስከ ምሳ ሰዓት ነገረችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ጎረቤቱ ሆኜ የማላውቀው ነገር ነበረው። ስሄድ የተቆጣሁት በእሷ ላይ ነበር። ስወጣም ቁጣዬ አልበረደም፤ ወደ ሌላ ዞረ እንጂ። ያን ሁሉ ቀን ድንኳኗ ውስጥ ተቀምጠን ስለ ዝናብ ያወራነው እኛ ነን።

ቅዳሜ ሰኮሩ፣ የኢፍቱ ቤተሰብ ቤት ለቅሶ ልደርስ ስነሳ ዘነበች ለብሳ በሬ ላይ ቆማ ነበር። "እኔም እሄዳለሁ" አለች። በመንገዱ ዳር የመስታወቱ ስብርባሪ ገና አልተጠረገም። ሁለታችንም አየነው።

ሴቶቹ ጓዳው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። የኢፍቱ እናት የልጇ ትከሻ አላት። አጠገቧ ተንበርክኬ በኦሮምኛ ነገርኳት፦ ገነት ነኝ፤ ልጅሽ ከሞት አተረፈችኝ፤ እኔ ከቤቴ አስወጣኋት።

"ነግራኛለች" አለች።

"ተቀይማኝ ነበር?"

"በጣም ተናዳብሽ ነበር።"

ዋሽታ አላጽናናችኝም። ለዚህ እጇን ሳምኩ።

ዘነበች ኦሮምኛዋ የገበያ ኦሮምኛ ነው። በዚያው በተሰባበረው ቋንቋ፣ ከኋላዬ ሆና "ወንድሟስ?" አለች።

በሩ አጠገብ የተቀመጡት የኢፍቱ አክስት "እሱን ዛሬ አታንሱባት" አሉ። "ወባ ነው። አላህ ያለው ሆነ።"

"የእኔም ልጅ ድንገተኛ ሕመም ነው" አለች ዘነበች።

እናቲቱ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ፈቀቅ ብላ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችላት፤ ዘነበችም ሄዳ ተቀመጠች።

"ዛሬ ቀኑ አይደለም" አሉ አክስትየዋ።

"ቀኑ መቼ ነው?" አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ በለቅሶ ቤት እንደዚያ አይነገርም። "ቀኑን ይንገሩንና ያን ቀን እንመጣለን።"



"ስሙ አብዲ ነው" አለች እናቲቱ ለዘነበች። "አብዲ። ሐሙስ ተወለደ፤ ሲወለድ በጣም ትንሽ ነበር፤ አያድግም አሉኝ።"

አክስትየዋ ሊያቋርጧት አፋቸውን ከፈቱ። ዞር ብዬ አየኋቸው። ዘጉት።